በሠላሳ ዓመቱ የተጠራው ተከላካይ

ባለፈው እትም ከክፍል ስለሚቀሩ ተማሪዎች ጽፈን ነበር። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የማታ ተማሪዎቻችን «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ትምህርት ትምህርት ብቻ ነው እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ስለ ኳስ ጻፉልን እንጂ!» ብለውናል። እሺ ብለናል። ስለ ክሪስቲያኖ ሮናልዶ ግን አንጽፍም። ስለ ሮናልዶ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ልጅ በየብሎኩ ሞልቷል፤ የሒሳብ ቀመር ሲጠየቅ አናቱን የሚያክ ሁሉ የሮናልዶን ጎሎች በየዓመቱ ከፋፍሎ ይቆጥርልናል። የምንጽፈው እ.ኤ.አ. በ2016 ፖርቱጋል የአውሮፓን ዋንጫ ስትወስድ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሜዳ ላይ ስለነበረ፣ ስሙ ሲጠራ ግን ብዙ ሰው «እሱ ደግሞ ማነው?» ስለሚለው አንድ ተከላካይ ነው። ጆዜ ፎንቴ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እሱን መረጥን? «ጊዜው አልፎብኛል» የምትለዋን ቃል በካምፓችን ያልሰማ ጆሮ የለም። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ይላታል። ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ትዳር የያዘች እህታችን ትላታለች። ቤተሰቡ ሲመዘገብ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው፣ ዛሬ ጢም አብቅሎ እዚያው ብሎክ ውስጥ ተቀምጦ ይላታል። ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ ቃሏ ትብሳለች። ልጆቻችን ተጫዋች ማለት በ17 ዓመቱ በቴሌቪዥን የታየ ሰው ብቻ ስለሚመስላቸው፣ በ22 ዓመታቸው ራሳቸውን ጡረታ ያወጣሉ። ፎንቴን ስናነሣ ለእነዚህ ልጆች የምንለው ነገር አለን፤ ተስፋ እየቀባባን የምንሸጥ እንዳንመስል ግን ታሪኩን ከነጉድለቱ እናቀርባለን።

ፎንቴ ታኅሣሥ 22 ቀን 1983 ፔናፊየል በምትባል በሰሜን ፖርቱጋል በምትገኝ ከተማ ተወለደ። አባቱም ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ ታናሽ ወንድሙ ሩዪም በኋላ አጥቂ ሆኗል። ልጅ ሳለ የገባው ስፖርቲንግ ሊዝበን ነው። ሮናልዶም ያደገው እዚያው ነው፤ በዕድሜ ፎንቴ በአንድ ዓመት ከምናምን ይበልጠዋል። ሮናልዶ በ2003 ገና በ18 ዓመቱ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገባ፣ ታላቅየው ፎንቴ በስፖርቲንግ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ነበር። ከአንድ ጓሮ ወጥተው አንዱ ወደ ዓለም መድረክ፣ ሌላው ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሄዱ።

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን። በ2004 ፌልጌራስ ለሚባል የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ተጫወተ፤ ቡድኑ በገንዘብ ችግር በዓመቱ ፈረሰ። ከዚያ ወደ ቪቶሪያ ሴቱባል አለፈ። በጥር 2006 ታላቁ ቤንፊካ አስፈረመው፤ ሰው ሁሉ «በቃ፣ ደረሰለት» የሚልበት ጊዜ ነበር። ቤንፊካ ግን ወዲያው በውሰት ለፓሶስ ዴ ፌሬራ ሰጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለኤስትሬላ ዳ አማዶራ። ለቤንፊካ አንድም ይፋዊ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ወረቀቱ ላይ የትልቅ ቡድን ሰው ነው፤ ሜዳ ላይ በየጎረቤቱ ያድራል።

በ2007፣ በ23 ዓመቱ፣ አሁንም በውሰት፣ ወደ ለንደን ወደ ክሪስታል ፓላስ ሄደ። ፓላስ ያን ጊዜ ቻምፒዮንሺፕ በሚባለው በሁለተኛው እርከን ነበር። ቻምፒዮንሺፕን በቪዲዮ ቤት የሚያሳይልን የለም፤ የእንግሊዝ ሰው ግን እንደ ወፍጮ ያውቀዋል። 24 ቡድኖች አሉት፣ በዓመት 46 ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ቅዳሜ ተጫውቶ ማክሰኞ መድገም የተለመደ ነው፤ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ከሰማይ ነው። የፖርቱጋል ልጅ በምድር የምትንሸራሸር ኳስ ለምዶ መጥቶ እዚያ ክርን ቀመሰ። ቆየ። በ2008 ፓላስ ጠቅልሎ ገዛው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ትንሽ እንውጣ፤ ነገሩ የጎረቤቶቻችን የእለት ጉዳይ ነውና። ፎንቴ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ አባቱ ለማንም ደላላ አልከፈሉም። ቤንፊካ ከፓላስ ጋር ተነጋገረ፤ የፖርቱጋል ፌዴሬሽን የዝውውር ወረቀቱን ለእንግሊዝ ፌዴሬሽን ላከ፤ አለቀ። የኳስ ዝውውር ማለት ይሄ ነው። ገንዘብ የሚሄደው ከገዢው ቡድን ወደ ሻጩ ቡድን ነው፤ ከእናት መቀነት ወጥቶ ወደ ማያውቁት ሰው ስልክ የሚላክ ገንዘብ በዚህ መንገድ ላይ ቦታ የለውም። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛው መካከል አንዲት እናት «ልጅሽን ለሙከራ ውጭ አገር እንወስደዋለን» ላለ ሰው፣ ራሽን ሸጠው ያጠራቀሙትንና ከዘመድ የተበደሩትን ሽልንግ ላኩ። «የፎርም» ተባለ፣ ከፈሉ። «የሕክምና ምርመራ» ተባለ፣ ከፈሉ። «የቪዛ» ሲባል የሚከፍሉት አለቀባቸው፤ የሰውየውም ስልክ ያን ቀን ተዘጋ። ልጁ ያን ሰሞን ሙሉ ሻንጣ አዘጋጅቶ ከትምህርት ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ደንቡን ወላጆች ይያዙት። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር በመርሕ ደረጃ ከልክሏል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይያያዝ ምክንያት አገር ከለወጡ ልጁ በደረሱበት አገር ሊመዘገብ ይችላል፤ ያለ ወላጅ ለተሰደደ ልጅም አንቀጽ አለው። የ15 ዓመት ልጃችሁን «ወደ አውሮፓ ቡድን እናስገባዋለን» የሚል ሰው ግን ከደንቡ ውጭ እየሄደ ነው። ትልቅም ልጅ ቢሆን ጠይቁ፤ የትኛው ቡድን ነው የጋበዘው? ደብዳቤው የት አለ? ወኪል ነኝ ባይ ከሆነ ደግሞ ፊፋ ከ2023 ጀምሮ ወኪሎችን እንደገና እየፈተነ ፈቃድ ይሰጣል፤ የፈቃድ ቁጥሩን ያሳያችሁ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወደ ፎንቴ እንመለስ። ጥር 2010 ላይ፣ በ26 ዓመቱ፣ እኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው የምንለውን ውሳኔ ወሰነ። ወደ ታች ወረደ። ሳውዝሃምፕተን በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው፤ ሳውዝሃምፕተን ግን ያን ጊዜ ሊግ ዋን ውስጥ ነበር። ሊግ ዋን ስሙ «አንድ» ይባል እንጂ ሦስተኛው እርከን ነው። (እንግሊዞች ስም ሲያወጡ እንዲህ ናቸው።) ክለቡ በዕዳ ሊፈርስ ደርሶ በ2009 አዲስ ባለቤት ያገኘ ነበር፤ በቅጣት 10 ነጥብ ተቀንሶበት ውድድሩን ከዜሮ በታች ነው የጀመረው። ከሁለተኛ እርከን ቡድን ወጥቶ ወደ ሦስተኛ እርከን፣ ያውም ወደ ተቀጣ ቡድን መግባት በሰፈር ኳስ ቋንቋ «አበቃለት» ይባላል።

የሆነው ይህ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ላይ ሳውዝሃምፕተን የታችኛዎቹ ሊጎች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ዌምብሌይ ሜዳ ገብቶ ካርላይልን 4 ለ 1 አሸነፈ። በ2011 ከሊግ ዋን ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። በ2012 ከቻምፒዮንሺፕም ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ፎንቴ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የገባው ማንም ገዝቶ አላስገባውም፤ ከነቡድኑ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥቶ በ28 ዓመቱ ደረሰ። በጥቅምት 2012 ከፉልሃም ጋር 2 ለ 2 ሲወጡ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ተከላካይ ሆኖ።

ተከላካይነትን ልጆቻችን አይወዱትም። ሜዳ ላይ ቡድን ስንከፍል ሁሉም አጥቂ ነው፤ ኋላ የሚቆመው ጫማ የሌለው ወይም ትንሹ ልጅ ነው። ምክንያቱ ይገባናል። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ በአሥራ አንደኛው ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል። ተከላካይ 89 ደቂቃ ጠብቆ በ90ኛው ቢያመልጠው እስከ ሌሊት ስሙ ይነሣል። ፎንቴ በሩጫ ፈጣን ከሚባሉት አልነበረም፤ የሚበልጠው ቦታ በመያዝ ነበር። ጥሩ የመሃል ተከላካይ ፊት ለፊት ተገትሮ አይቆምም፤ ሰውነቱን ወደ ጎን አድርጎ ኳሷንም ሰውየውንም በአንድ ዓይን የሚይዝበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ኳስ ከኋላው ብትጣል ለመዞር ጊዜ አይፈጅበትም። አጠገቡ ካለው ጓደኛው ጋር ሳያቋርጥ ያወራል፤ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ወደ ግራ»። እግር የፈጠነ ተከላካይ ሲሳሳት ሮጦ ያርማል። እግሩ ያልፈጠነው አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ይሄ ደግሞ በዕድሜ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ነገር አይደለም። ሕፃናቱን ሜዳ የምታሠለጥኑ ወንድሞች ይህችን ብትሞክሯት ደስ ይለናል፤ ለሴቶቹም ቡድን እንዲሁ።

አሁን ወደ 2014 ክረምት እንምጣ። ይህን የሚያነብ ስደተኛ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል ብለን እናምናለን። ያን ክረምት ሳውዝሃምፕተን ተበተነ። አሠልጣኙ ፖቼቲኖ ወደ ቶተንሃም ሄዱ። ላላና፣ ላምበርትና ሎቭረን ወደ ሊቨርፑል፣ ሉክ ሾው ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ቻምበርስ ወደ አርሴናል ሄዱ። የሪሴትልመንት ስም ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ጎረቤት ሁሉ ስሙን አግኝቶ ዕቃውን ሲያከፋፍል፣ ጀሪካኑን ለዚህ፣ ምንጣፉን ለዚያ ሲሰጥ፣ አውቶቡሱን ሸኝቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ስሜት ምን እንደሚመስል እኛ አንነግራችሁም። ጋዜጦች «ይህ ቡድን ዘንድሮ ይወርዳል» ብለው ጻፉ። አዲሱ አሠልጣኝ ሮናልድ ኩማን የአምበልነቱን ምልክት ለፎንቴ ክንድ ላይ አሰሩ። ከአራት ዓመት በፊት በሦስተኛው እርከን ከነበሩት ጥቂት ቀሪዎች አንዱ ነበር። ቡድኑ ያን ዓመት ሰባተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በሁለተኛው ዓመት ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ረጅም የሆላንድ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ይጫወት ነበር፤ ቨርጂል ቫን ዳይክ። እሱን ታውቁታላችሁ።

በዚያው በ2014 መጸው ፖርቱጋል አሠልጣኝ ቀየረች፤ ፌርናንዶ ሳንቶስ መጡ። እስከዚያ ድረስ ለፎንቴ ብሔራዊ ቡድን የተዘጋ በር ነበር፤ ፔፔ፣ ሪካርዶ ካርቫልሆና ብሩኖ አልቬስ በሩ ላይ ቆመዋል። ኅዳር 18 ቀን 2014 ፖርቱጋል ከአርጀንቲና ጋር በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ የወዳጅነት ጨዋታ ስታደርግ ፎንቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሩን ማሊያ ለበሰ። 31 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። አብረውት ያደጉት ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ ጫማ ስለመስቀል ነው የሚያወሩት።

በ2016 የአውሮፓ ዋንጫም ቢሆን በመጀመሪያ ወንበር ላይ ነበር። ፖርቱጋል በምድቧ ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጣች፤ ከአይስላንድ 1 ለ 1፣ ከኦስትሪያ 0 ለ 0፣ ከሃንጋሪ 3 ለ 3። ሦስት ጎል ከገባ በኋላ ሳንቶስ ተከላካዩን ቀየሩ፤ ካርቫልሆ ወጡና ፎንቴ ከፔፔ ጎን ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር እንየው። ክሮኤሽያ፣ 120 ደቂቃ፣ 1 ለ 0። ፖላንድ፣ 120 ደቂቃ፣ 1 ለ 1፣ በፍጹም ቅጣት ምት ማለፍ። ዌልስ፣ 90 ደቂቃ፣ 2 ለ 0፤ ያን ቀን ፔፔ ተጎድቶ ስለነበር ብሩኖ አልቬስ ገባ፣ ፎንቴ ግን አለ። ፈረንሳይ፣ 120 ደቂቃ፣ 1 ለ 0። ደምሩት፤ 450 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የገባባቸው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱንም ሌቫንዶውስኪ በሁለተኛው ደቂቃ አግብቶት ነው።

በፍጻሜው ሮናልዶ በ25ኛው ደቂቃ ጉልበቱን ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ። ፓሪስ አጠገብ፣ ሳን ዴኒ ሜዳ ላይ፣ በባለ አገሮቹ ፊት፣ ያለ ሮናልዶ መከላከል ነበረባቸው። በ109ኛው ደቂቃ ኤደር ከሩቅ መትቶ አገባ። ኤደር በጊኒ ቢሳው ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ፖርቱጋል የመጣና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ነው። ሌላም ነገር እንጨምር፤ ኤደርና ፎንቴ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፤ በታኅሣሥ 22፣ በአራት ዓመት ልዩነት። ፔፔም የተወለደው ብራዚል ነው፤ በግራ የቆመው ጌሬሮ ደግሞ ያሸነፏት ፈረንሳይ ውስጥ። ለ«አገር» ትርጉም የክፍል ውይይት ቢያስፈልገን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም፤ እሱን ግን ለሌላ ቀን እናቆየዋለን።

አሁን ያልነውን ጉድለት እንናገር፤ አለበለዚያ ተማሪዎቻችን ይታዘቡናል። ፎንቴ ሲጠብቅ ፓስፖርት በኪሱ ነበር። ከፖርቱጋል ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ማለፊያ ወረቀት የጠየቀው፣ ኬላ ላይ ያስወረደው የለም። አባቱ ሙያውን ያውቁ ነበር። ሲጠብቅ ደመወዝ እየተከፈለው ነበር። የእኛ ልጅ ከካምፑ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሜዳው ድንጋይ ነው፣ ጫማው የሦስት ሰው ነው። እንግዲህ «ታግሠህ ሥራ፣ አንተም ፎንቴ ትሆናለህ» ብንል ውሸታሞች ነን። ከእሱ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ26 ዓመቱ ሊግ ዋን ውስጥ፣ ማንም ካሜራ ሳያየው፣ በ30 ዓመቱ የሚፈለግበትን ነገር ይማር ነበር። ካሜራው ሲመጣ አዲስ ነገር አልጀመረም። የማታ ትምህርት የተመዘገበ የ24 ዓመት ልጅ ከታናሹ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ ሲያፍር ስናይ የምናስበው ይሄን ነው። ዕድሉ ይምጣ አይምጣ እኛ አናውቅም፤ ክፍልፋይን ግን ዛሬ መማር ይችላል።

የቀረው መንገዱም ቀጥ ያለ አልነበረም። በጥር 2017 በ33 ዓመቱ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ዌስትሃም ሄደ፤ በአዲሱ ሜዳው በመጀመሪያ ጨዋታው ማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 0 አሸነፋቸው፤ ከጎሎቹ አንዱ እሱ በሠራው ጥፋት በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት የተቆጠረ ነው። ዌስትሃም ላይ ብዙም አልሆነለትም። በየካቲት 2018 ቻይና፣ ዳሊያን ዪፋንግ ገባ፤ ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ በወራት ውስጥ ውሉ ፈረሰ። ለገንዘብ የተሄደበት መንገድ ይመስለናል፤ አንፈርድበትም፤ እኛስ ለተሻለ ደመወዝ ሥራ ያልቀየርን ስንቶቻችን ነን? በዚሁ ዓመት በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ግን የፖርቱጋልን አራቱንም ጨዋታ ከፔፔ ጋር ተሰለፈ። ክለብ አልባ ሆኖ ሲመለስ 34 ዓመቱ ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሊል ተቀበለው። በሰኔ 2019 ፖርቶ ከተማ ላይ ፖርቱጋል የኔሽንስ ሊግን ዋንጫ ሆላንድን 1 ለ 0 አሸንፋ ስትወስድ ከተሰለፉት አንዱ ነው፤ በሌላው በኩል የሆላንድን አምበልነት ያሰረው ያው የድሮ ባልደረባው ቫን ዳይክ ነበር።

ሊል ላይ ደግሞ አምበል ሆነ። በ2020-21 የውድድር ዘመን ኔይማርንና ምባፔን የያዘው ፓሪ ሳን ዠርማ እንደ ልማዱ ዋንጫውን የራሱ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ሊል በ38 ጨዋታ 23 ጎል ብቻ ነው የገባበት፤ በሊጉ ከእሱ ያነሰ የገባበት አልነበረም። ከፎንቴ ጎን የሚቆመው ስቬን ቦትማን 21 ዓመቱ ነበር፤ ፎንቴ 37። ልጁ ይሮጣል፣ ታላቁ ያወራል። ግንቦት 23 ቀን 2021 ሊል አንዠን 2 ለ 1 አሸንፎ በ83 ነጥብ ቻምፒዮን ሆነ፤ ፓሪስ 82 ነበረው። በአንድ ነጥብ። ፎንቴ በአንድ አገር የአንደኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮና ዋንጫ ሲያነሳ በሕይወቱ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በ2022 ወደ አገሩ ተመልሶ ለብራጋ ተጫወተ። በ2024፣ በ40 ዓመቱ፣ ሊዝበን ውስጥ ካዛ ፒያ ለሚባል ክለብ ፈረመ። ካዛ ፒያ በመጀመሪያ የክለብ ስም አይደለም፤ በ1780 ለወላጅ አልባና ለድሃ ልጆች የተቋቋመ ማሳደጊያና ትምህርት ቤት ነው። የኳስ ክለቡን በ1920 የመሠረቱት የዚያው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው።

በሚቀጥለው እትም ወደ ለመድነው እንመለሳለን፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስለቀረበ የምዝገባ ወረቀታቸው ላይ የስም ፊደል የተሳሳተባቸው ተማሪዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው እንጽፋለን። እስከዚያው የተሳሳተባችሁ ካላችሁ ዋናውን የራሽን ካርድ ይዛችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ብቅ በሉ።